ጤነኛ ቁጥር አንድ

ሰው በማያውቀው ነገር ቢሳሳት «አላወቀም» ተብሎ ይታለፋል። እኔ የተሳሳትሁት በተማርሁት ነገር ስለሆነ የሚያልፈኝ አላገኘሁም። ታሪኩን የሰማ ሁሉ ደግሞ የራሱን ቅመም እየጨመረበት ነው፤ ባለፈው አንድ ወዳጄ እኔ ራሴ እስከማላውቀው ድረስ አሳምሮ ሲያወራው ደረስሁበት። ስለዚህ ከሌላ ከምትሰሙት ከባለቤቱ ብትሰሙት ይሻላል።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ደም ማየት ነው። ይህን ስል ሰው ሐኪም አድርጎ ይወስደኝና የጉልበቱን ሕመም መንገር ይጀምራል። ሐኪም አይደለሁም። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ሐኪም ደሙን አይቶ ወደ ሰውየው ይመለሳል፤ እኛ ግን ከሰውየው ተነስተን ወደ ደሙ እንገባና በዚያው እንቀራለን።

የማጠናው አንድ ፕሮቲን ነው። ስሙ በፈረንጅኛ ግማሽ መስመር ይፈጃል። አንድ ቀን ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ለጠላትም አይስጥ!» አለች፤ የበሽታ ስም መስሏት ነው። ከዚያ ወዲህ «ዝገት ጠራጊው» እለዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት እንደሚዝግ ሁሉ የሰው ሕዋስም ይዝጋል። በሽታ ሲገባበት ደግሞ ይብስበታል። ሰውነት ታዲያ እጁን አጣምሮ አያይም፤ ዝገቱን የሚጠርግ ፕሮቲን ያመርታል። ዝገት ሲበዛ ጠራጊው ይበዛል። የኔ ጥያቄ አጭር ነበር፤ ቢልሃርዚያ የያዘው ሰው ደም ውስጥ ይህ ዝገት ጠራጊ ከጤነኛው ሰው ይበልጣል ወይ? ቢልሃርዚያን ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በውሃው ዳር ካለች ቀንድ አውጣ የሚወጣ በዓይን የማይታይ ትል ነው። ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባና አንጀቱና ጉበቱ አካባቢ ተደላድሎ ዓመታት ይኖራል። ሲገባ ደጃፍ አያንኳኳም፣ ከገባ በኋላም እግዜር ይስጥልኝ አይልም።

ፕሮቲን ደግሞ በዓይን አይታይም። የሚለየው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ የደም ዘበኛ ማለት ነው፤ አንድ መልክ ብቻ ያውቃል፤ ያን መልክ ሲያገኝ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ቢያልፍ ባያልፍ ግድ የለውም። ውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች ዝገት ጠራጊውን በመርፌ ጥንቸል ውስጥ ያስገባሉ፤ የጥንቸሏ ደም «ይህ ደግሞ ማነው?» ብሎ ዘበኛ ያወጣል፤ እነሱም ዘበኛዋን ለይተው በብልቃጥ ይልኩልናል።

የኔ ብልቃጥ እስክትመጣ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለእሷ የጻፍሁት ደብዳቤ ለእጮኛዬ ከጻፍሁት ይበልጣል፤ እጮኛዬም ይህን በየአጋጣሚው ታነሳዋለች። ካርቶኑን ስከፍት ስፖንጅ፣ ስፖንጁን ሳወጣ በረዶ፣ በረዶውን ስገልጥ ላስቲክ፣ ከሁሉም ሥር የጣቴን ጫፍ የምታህል ብልቃጥ፣ ከብልቃጧ ግርጌ ደግሞ እንባ የምታህል ጠብታ። እንደ ትልቅ ሰው ቀብር ነው፤ አጀቡ እንጂ ሟቹ አይታይም።

ዘበኛዋ ታዲያ ሙቀት አትወድም፣ ባሕር ዳር ደግሞ ከሙቀት ሌላ የምትሰጠው የላትም። የኛ ሕንፃ ፍሪዘር አለው። ጄኔሬተርም አለው፤ ነዳጅ ሲኖረው ባትሪ የለውም፣ ባትሪ ሲኖረው ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ብልቃጧ በመጣች በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። እስከ ቀትር ጠበቅሁ። ፍሪዘሩ ማንጠባጠብ ሲጀምር ብልቃጧን ከተረፈው በረዶ ጋር ፔርሙዝ ውስጥ ከትቼ ባጃጅ ያዝሁ።

መብራት ቢጠፋ የማይጠፋበት አንድ ቦታ ቢኖር ሐይቁ ዳር ያለው የሐጂ ሰዒድ ዓሣ ቤት ነው። ሐጂ ከወረታ መጥተው እዚህ የከተሙ ነጋዴ ናቸው። ጄኔሬተራቸው መብራት ሄደ ሳይባል ይነሳል። ዓሣ እንደ ተማሪ አይደለማ፣ «ነገ እናየዋለን» ቢሉት አይሰማም። ከእሳቸው ዘንድ ዓሣ ስለምገዛ ሰላምታ ነበረን፤ ያን ሰላምታ ተማምኜ ገባሁ።

«ሐጂ፣ አንዲት ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡልኝ» አልኋቸው።

ብልቃጧን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሷት። «ምንድን ናት?»

«ለምርምር ነው። ከጥንቸል ደም የወጣች ናት።»

ሐጂ ብልቃጧን ከፊታቸው ትንሽ አራቋት። «ከዓሣዬ ጋር ልታስተኛት?»

«ክዳኗ ጥብቅ ነው። አትነካካም።»

«አንተ አትነካካም ትላለህ። ደንበኛዬ ግን ‹ሐጂ ጥንቸል ጀመሩ› ይላል።» ጥቂት አሰቡ። «ለምን ትጠቅማለች?»

ስለ ቢልሃርዚያ ነገርኋቸው። ሰሙኝና ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ጣሳ አስመጡ። ብልቃጧን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጨርቅ ጠቅልለው ጣሳው ውስጥ ከተቱ፤ ጣሳውን ለብቻዋ በቆመች ትንሽ ፍሪዘር ውስጥ አኖሩና ቁልፉን ኪሳቸው ጨመሩ። «ስትፈልግ እኔን ትጠይቃለህ። ሌላ ሰው እንዳይነካት» አሉ። ለኔ ጠብታ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ የተጠነቀቀላት ሰው የለም፤ እኔን ጨምሮ።

ብልቃጧ በሰላም ካረፈች በኋላ የቀረኝ የሕመምተኛ ደም ነበር። ለዚህም ስል ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ዘጌ እሄድ ነበር። እዚያ ዓሣ አጥማጆቹ የታወቁ ሕመምተኞች ናቸው። ችግሩ ሰዎቹ ጠዋት ታንኳቸውን ለመተው አይፈልጉም፣ ታንኳው ደግሞ ከጭቃው ወዲያ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ አስረዳቸዋለሁ። የማስረዳው ምን መሰላችሁ? ውሃ ውስጥ መቆም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ነው።

አያ ምናሉ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ሆዱ ተነፍቶ፣ ደም አስመልሶ የሞተ ነው፤ የእሳቸውም ሆድ ደህና አልነበረም። ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው፣ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ትምህርቴን እስከ መጨረሻው አደመጡኝ። ስጨርስ ወደ እግሬ ተመለከቱ።

«አንተስ ልጄ?» አሉኝ።

«እኔማ ለጥናት ነው የገባሁት» አልኋቸው።

«እሱስ ደግ ነው። ትሉ ለጥናት መግባትህን ያውቃል?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፣ ደማቸውን ወሰድሁ፣ አመስግኜ ወደሚቀጥለው ታንኳ ውሃውን እየረገጥሁ ሄድሁ። እንዲህ ያለ ቅዳሜ ሲደጋገም ከረመ።

አሁን አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ረጅሙን የሚወድ የመመረቂያ ጽሑፌን ያንብብ፣ ወረፋ የለበትም። ሕዋሱ ይጨፈለቃል። በውስጡ የነበረው ፕሮቲን ሁሉ ጄሊ በመሰለ ነገር ላይ በኤሌክትሪክ ይነዳል፤ ትልልቁ ይጎተታል፣ ትንንሹ ይሮጣል። ከዚያ ወደ ስስ ነጭ ወረቀት ይዛወራል። ወረቀቱ አንቲቦዲው ውስጥ ሲነከር ዘበኛዋ ዝገት ጠራጊውን ካለበት ሄዳ ትይዘዋለች። በመጨረሻ የሚያበራ ነገር ይጨመርና ፎቶ ይነሳል፤ የተያዘው ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ወፍራም መስመር ብዙ ጠራጊ፣ ቀጭን መስመር ጥቂት ጠራጊ። ሁለት ቀን ይፈጃል፣ መብራት ኃይል ከተባበረ።

ለመጀመሪያው ሙከራ ከሐጂ ጣሳ ጥቂት አንቲቦዲ ቀንሼ፣ የአራት ሕመምተኞች ደም አዘጋጀሁ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ የአንድ ጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋል። ጤነኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም፤ የራሴን ክንድ ሰጠሁ። ደሜን በያዘው ብልቃጥ ላይ «ጤነኛ ቁጥር አንድ» ብዬ ጻፍሁና ጽሑፉን ቆሜ ጥቂት አየሁት። ስለ እኔ እንዲህ ያለ ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጤነኛ ያልሁት ደግሞ ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እሮጣለሁ። ነጭ ሽንኩርት በጥሬው እበላለሁ፤ ይህን አጠገቤ የሚቀመጡ ሁሉ ይመሰክራሉ። እርግጥ ነው፣ አልፎ አልፎ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። እሱን በካፌው ሽሮ አሳብቤ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድካም ይጫነኛል። እሱን በአማካሪዬ ስብሰባ አሳብቤ ነበር።

ፎቶው ወጣ። አምስት ጥቁር መስመሮች እንደ አንድ እናት ልጆች ተደርድረዋል። እንዲያውም የጤነኛ ቁጥር አንድ መስመር ከሁለቱ ሕመምተኞች ይወፍራል።

አማካሪዬ ዶክተር ይርጋ ንግግር የማያበዙ፣ በር ሲገቡ ሆዳቸው የሚቀድም፣ ሲጋራ ለመተው ከወሰኑ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። ፎቶውን ቀረብ ራቅ አድርገው አዩት።

«ጤነኛው ማነው?» አሉ።

«ጤነኛ ሰው ነው» አልሁ።

«ደግመህ ሥራው።»

ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው። ሦስተኛ ሠራሁት፤ መብራት መሐል ላይ ሄዶብኝ ጄሊውን ጣልሁት። አራተኛውን ስጨርስ ጤነኛ ቁጥር አንድ ከሁሉም ጠቁሮ ብቅ አለ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የገባኝ መስሎኝ ማለቴ ነው፤ አንቲቦዲዋ ተበላሽታለች!

«የተበላሸ አንቲቦዲ ይደበዝዛል እንጂ አይጠቁርም» አሉኝ ዶክተር ይርጋ።

«አእምሮዋን ስታ ይሆናል ዶክተር። ያገኘችውን ሁሉ እየያዘች ነው።»

ዶክተር ሲጋራቸውን ይዘው ወጡ።

አንባቢ ሆይ፣ «ለምን የሌላ ጤነኛ ሰው ደም አልሞከርህም?» ማለትህ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ከአንተ በፊት ብዙዎች ጠይቀውኛል። መልሱ ኩራት ነው። እኔ ስሕተቱን ብልቃጧ ላይ ፈለግሁ፣ ውሃው ላይ ፈለግሁ፣ ሚዛኑ ላይ ፈለግሁ፣ ኤሌክትሪኩ ላይ ፈለግሁ። ክንዴ ላይ መፈለግ ግን አልታየኝም። ሰው ፊቱን የሚያየው በመስታወት ነው፤ እኔ መስታወቱን ይዤ ሌላ ሰው ላይ አበራ ነበር።

ብልቃጧ ከተበላሸች ያበላሻት መኖር አለበት። ያበላሻት ደግሞ ያስቀመጣት ነው። ይህን ያህል አስቤ ሐጂ ሰዒድ ዘንድ ሄድሁ። ቢያንስ ሰው የሌለበትን ሰዓት መምረጥ ነበረብኝ፤ አልመረጥሁም። የዓሣ ገዢው ተሰልፎ ሳለ ገባሁና «ሐጂ፣ ፍሪዘሩን አጥፍተውታል!» አልሁ፤ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

ሐጂ ሚዛን ላይ ያለውን ዓሣ ሳያወርዱ ቀና አሉ። «መቼ?»

«መቼ እንደሆነ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ዕቃዬ ተበላሽታለች። የዓመት ሥራዬ ገደል ገባ!»

የተሰለፈው ሁሉ ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ዓሣውን ለገዢው ጠቅልለው ሰጡና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ትንሿን ፍሪዘር ከፈቱ። ጣሳዬ አለች። ከጣሳዬ ጎን ላስቲክ የሞላ የዓሣ ሥጋ አለ። አንዱን አወጡና ጠረጴዛው ላይ ቢጥሉት እንደ ድንጋይ ጮኸ።

«ይህ ለቤቴ ያኖርሁት ዓሣ ጣሳህን ካስገባን ሳምንት ጀምሮ እዚህ አለ። አሽትተው።»

አሸተትሁት። በረዶ በረዶ ይላል።

«ገማ?»

«አልገማም።»

«እንግዲህ ያንተ ጥንቸል ብቻዋን እንዴት ገማች?»

ገዢው ሁሉ ሳቀ። እኔ መልስ ስላጣሁ ተቆጣሁ፤ መልስ ያጣ ሰው የሚቀረው ቁጣ ነው። «ሳይንስ እንደ ዓሣ ንግድ አይደለም» አልሁ። ይህን ቃል ባልተናገርሁት እንዴት በወደድሁ። ሐጂ ዓሣውን ወደ ፍሪዘሩ መለሱ። ጣሳውን ከነጨርቁ አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። «እንግዲያስ የሚያውቅ ሰው ዘንድ አስቀምጣት» አሉና ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። ጣሳዬን ታቅፌ በዚያ ፀሐይ ባጃጅ ስፈልግ፣ ከተማው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

የቀረኝ ተስፋ ጎንደር ያለ አብሮ አደጌ ነው። እሱ ከሚሠራበት ላቦራቶሪ ያንኑ ዝገት ጠራጊ የሚያውቅ ሌላ አንቲቦዲ አለ፤ ይህኛው ከፍየል የተገኘ ነው። ጥቂት ጠብታ ለመንሁት። በሚኒባስ ላከልኝ። ረዳቱ በስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ የፍየል ዕቃ ያለው አንተ ነህ? ቆዳ ነው ሥጋ?» ሲለኝ «ዘበኛ ነው» ስለው ስልኩን ዘጋብኝ። መናኸሪያ ሄጄ በስንት ልመና ተረከብሁ።

በፍየሉ ሠራሁት። ጤነኛ ቁጥር አንድ ጠቁሮ ወጣ።

በቤተ ክህነት ያደገ ሰው ነገር በሁለት ምስክር እንደሚጸና ያውቃል። ጥንቸልና ፍየል አይተዋወቁም፤ አገራቸውም አንድ አይደለም። ተመካክረው ሊመሰክሩብኝ አይችሉም። እኔ ግን ያን ቀን ያልሁት «ሁለቱም ተበላሽተዋል» ነው።

ዶክተር ይርጋ ይህን ሲሰሙ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። «የኔን ደም ውሰድ» አሉ።

በልቤ አዘንሁላቸው። ያ ሆድ፣ ያ ሲጋራ! ዝገታቸው ወረቀቱን እንዳይበሳው እየሰጋሁ ደማቸውን ወሰድሁ። በሁለተኛው ቀን ፎቶው ወጣ። ሕመምተኞቹ ጥቁር። እኔ ጥቁር። የዶክተር ይርጋ መስመር ግን በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል፣ አይታይ አይታይ የምትል ቀጭን ነገር።

«አንቲቦዲዋ ደህና ናት» አሉ ዶክተር። መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁን ንገረኝ። ጤነኛ ቁጥር አንድ የምትለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ከወንበራቸው ተነስተው፣ በሩን ከፍተው፣ እንደ አባት «ሂድ ተመርመር» አሉኝ።  እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የደከመኝ ተማሪ ነበርሁ፤ በሩን ስወጣ ግን የአያ ምናሉ ወንድም ትዝ አለኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ አሉ። ጡረታቸው የደረሰ፣ ማይክሮስኮፓቸውም ከእሳቸው ጋር ጡረታ የሚወጣ የሚመስል። ማን እንደሆንሁ፣ ምን እንደምሠራ፣ ስለ ዝገት ጠራጊው፣ ስለ ጥንቸሏና ስለ ፍየሉ ተረክሁላቸው። እትዬ ጥሩወርቅ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ አቀበሉኝ።

«በል እንግዲህ፣ ሰገራህን አምጣ» አሉ።

አመጣሁ። ዝርዝሩ ይለፈን። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ጥቂት ነገር መስታወት ላይ ቀብተው ማይክሮስኮፓቸው ሥር አደረጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ታካሚ ገባ፤ ሳያዩት «ቆይ» አሉት። ከዚያ ጠሩኝ።

«ና እይ።»

አየሁ። ሞላላ፣ ወርቃማ መሳይ እንቁላል፤ ጎኑ ላይ እንደ እሾህ ያለች ሾል ያለች ነገር። በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ለፈተና ሥዬዋለሁ። ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

«ቢልሃርዚያ» አልሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«በሽበሽ ነው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «አንተ ይህን ለማወቅ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ስምንት ወር።»

ወደ ግድግዳው ሰዓት ተመለከቱ፤ ሊያዋርዱኝ ፈልገው ሳይሆን ልማድ ሆኖባቸው ነው ብዬ አምናለሁ። «ውሃ ውስጥ ትገባለህ?» አሉኝ።

«ለጥናት» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ነው፤ ሚዛኑ ስለተሰበረ ግን ለተማሪዎች ዘመቻ በሚጠቀሙበት፣ ቀለም በተቀባ ዘንግ ቁመቴን ለኩኝ። ዘንጉ ላይ የመጨረሻው መስመር አናቴ ላይ ደረሰ። የጣት አንጓ የሚያህሉ እንክብሎች ቆጥረው ሰጡኝ፤ እዚያው ፊታቸው ዋጥሁ። ምሬቱ እስከ ጆሮዬ ተሰማኝ። ሁለት ቀን አስመለሰኝ፣ ራሴን አዞረኝ። ጉበቴን በአልትራሳውንድ ያየው ሐኪም «በጊዜ መጥተሃል» ሲለኝ ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ ዓይኔ ውስጥ የገባ ነገር ነበር።

በሳምንቱ ሐጂ ሰዒድ ዘንድ ሄድሁ። ይህን ጊዜም ሰው ተሰልፏል። ሰው እስኪወጣ ልጠብቅ አሰብሁና፣ ስድቡ በሰው ፊት ከነበረ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ገባሁ።

«ሐጂ፣ ዕቃዋ አልተበላሸችም ነበር። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ከትሉ ጀምሮ እስከ እንክብሉ፣ ሰገራውን ብቻ በዝቅተኛ ድምፅ። የተሰለፈው ሰው ግን እሱንም ሰማው። ሐጂ አልሳቁም። ፊታቸው ላይ ያልጠበቅሁት ነገር አየሁ።

«እኔ እኮ በስድብህ አልነበረም ያዘንሁት» አሉ። «ዕቃይቱ ለዚህ በሽታ ናት ብለኸኝ ነበር። ተበላሸች ስትል፣ በኔ ቤት ተበላሽታ ከሆነ ብዬ ስንት ቀን አልተኛሁም።» ከዚያ ወደ ጓሮ ጮኹ። ዓሣ አጣቢዎቹ መጡ፤ አምስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ ቀሚስና ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ። «እነዚህ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ናቸው» አሉኝ ሐጂ። «ያቺ ሴትዮ የት ነው የምትቀመጠው?»

በማግሥቱ እትዬ ጥሩወርቅ ደውለውልኝ «አንተ ልጅ፣ የዓሣ ገበያውን በሙሉ ወደ እኔ ነዳኸው እኮ!» አሉ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። ሐጂም በሰልፉ መሐል አሉ፤ ቅደሙ ቢባሉ እምቢ ብለው። ከአጣቢዎቹ አራቱ ተገኘባቸው። መድኃኒታቸውን ወሰዱ። ሐጂ ነፃ ናቸው። ይህ ስምንት ወር ሙሉ ካገኘሁት ውጤት ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ነው፤ ጽሑፌ ውስጥ ግን የሚገባበት ምዕራፍ አላገኘሁለትም።

ጥናቱን እውነተኛ ጤነኞች ፈልጌ እንደገና ሠራሁት። መድኃኒቱን በዋጥሁ በሦስተኛው ወር የራሴን ደም ደግሜ ወሰድሁ፤ መስመሬ ቀጥናለች። ዶክተር ይርጋ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርገው «ይህ ጥሩ ነው። ከሕክምና በፊትና በኋላ። ይግባ» አሉ። እንዲህ ሆኜ ከጤነኞቹ ሰንጠረዥ ተሰርዤ ሕመምተኞቹ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የምከላከልበት ቀን ደረሰ። ከሌላ ከተማ የመጡ ፈታኝ ነበሩ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ እርሳሳቸው የሾለ። ጽሑፌን ገጽ በገጽ አንብበውታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብዬ አልጠረጠርሁም ነበር። ስለ አንቲቦዲዋ ጠየቁኝ፣ መለስሁ። ስለ ፍየሉ ጠየቁኝ፣ መለስሁ። ከዚያ እርሳሳቸውን አንድ ሥዕል ላይ አሳረፉ።

«ይህ ከሕክምና በፊትና በኋላ የታየው ሕመምተኛ» አሉ፤ «የሌሎቹ ሁሉ የፈቃድ ቅጽ በአባሪው አለ። የዚህ ሰው የለም። ፈቃዱን ሳትጠይቅ ነው ደሙን የወሰድኸው?»

 ዶክተር ይርጋ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የዘጌን ዓሣ አጥማጅ ሁሉ በጣቱም በብዕርም አስፈርሜያለሁ። ራሴን ግን አልጠየቅሁትም።

«ሰውየው እኔ ነኝ» አልሁ።

ፈታኙ አልሳቁም፤ ሌላው ሁሉ ሳቀ። ከቦርሳቸው ባዶ ቅጽ አውጥተው ብዕር ጨምረው አቀበሉኝ። «አንብበህ ፈርም» አሉ። «ጮክ ብለህ።»

ቆሜ አነበብሁ። ጥናቱ ለምን እንደሚካሄድ ተነግሮኛል። ደሜ ሲወሰድ መጠነኛ ሕመም ሊሰማኝ እንደሚችል ተነግሮኛል። ስሜ በምስጢር እንደሚያዝ ተነግሮኛል፤ እዚህ ላይ አዳራሹ እንደገና ሳቀ። በማንኛውም ጊዜ፣ ምንም ምክንያት ሳልሰጥ፣ ከጥናቱ ልወጣ እንደምችል ተነግሮኛል።

እዚህ ላይ ቆም አልሁ። በሩን አየሁት፤ ክፍት ነበር።

ፈረምሁ።